የነጋሪት ጎሳሚው እጅ

ነሐሴ 8 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሱዳንንና ኢትዮጵያን በአንድ ሙቀጫ ቢወቅጧቸው የእንጨት ወታደር እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አይወጣቸውም። እሺ፤ ሁለቱንም አገር ዞሬ አላዳረስሁም። መተማ ዮሐንስ ከተማ ውስጥ ግን የለም። እሺ፤ አትክልት አለ። እሱ ግን የሰሊጥ መጋዘን ጥበቃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያስባል። እኔ ትራክተር ላይ እየተንገጫገጭሁ ነው ያወቅሁት። በመንገጫገጭ የገባ እውቀት ደግሞ አይወጣም።

ይህን ደብተር የሸለመችኝ መምህርት ስርጉት ናት። የማታውን ትምህርት በአራት ወር ጨረስሁ። (ለሰው እንደዚያ ነው የምለው። ሰባት ወር ነው።) የመጨረሻው ቀን «ቢያድግልኝ፣ ያ ከአፍህ የሚፈሰው ሁሉ እስቲ እዚህ ይጠራቀም» ብላ ሰጠችኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ዘንድሮ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር።

ኋላ ይህን የሚያነብ ሰው ቢኖር እንዳይደናገር ነገሩን ከሥሩ ልጻፍ። አያ ዋሴ አናጺ ናቸው፤ እዚሁ መተማ። ሷሊህ ደግሞ ድንበሩ ማዶ፣ ጋላባት፣ የገመድ አልጋ ይሠራል። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእጣን ዛፍ እንጨት ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ይቀርጻሉ፤ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ እኛ በምንረግጠው መሬት ላይ የተዋጉትን። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ ማንም የራሱን ወገን አይቀርጽም። አያ ዋሴ ድርቡሾቹን፣ ሷሊህ ሐበሾቹን። «የራሱን የሚቀርጽ ሁሉ ደረት ይጨምርለታል» ይላሉ አያ ዋሴ።

ሁለተኛው ደንብ፤ ሠሪ ባለበት አይፈረድም። ከማዶ አዲስ ሲወጣ እዚሁ መተማ ሻይ የምትሸጠው ሐቢባ በቅዳሜ ገበያ ይዛው ትሻገራለች፤ እሷ ሻይ ቤት ተቀምጠን እንፈርዳለን። ያማረው አያ ዋሴ ቤት ሳንቃው ላይ ይቆማል። ሳንቃው አሮጌ በር ነው። ጉድለት የተገኘበት ከነአስተያየቱ ይመለሳል። የአያ ዋሴን ሥራ ደግሞ እነዚያ በማዶ ይፈርዱታል። አስተያየቱን ድሮ ሐቢባ በቃሏ ነበር የምታደርስ። ዘንድሮ ግን ጸሐፊ አለ። እኔ ነኝ።

ዛሬ የመጣው ነጋሪት ጎሳሚው ነበር፤ በበቅሎ ላይ። አስተያየት ጽፌ፣ ከዚሁ ደብተር አንድ ቅጠል ቀድጄ፣ ከጎሳሚው ጋር ለሐቢባ መለስሁላት። አያ ዋሴ አልነበሩም፤ ዓይናቸውን ሊታዩ ጎንደር ወጥተዋል። ሦስት ነጥብ ነው የጻፍሁ። አትክልት እስኪያለቅስ ሳቀ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ነሐሴ 10

ከኮኪት ስመለስ ተጎታቹ ጭቃ ገባ። ሦስት ሰዓት ቆምሁ። ትራክተሩ ላይ ሆኜ ልጻፍ ብል የጻፍሁትን እጄ እየተከተለ ይጠርገዋል። ስርጉት ክፍል ውስጥ «ደብተርህ ላይ ዝንብ ሄደበት እንዴ? እስቲ በቀኝህ ሞክር» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሞከርሁ። የስሜ መጀመሪያ ፊደል ጊንጥ ሆነች። ተውሁት።

ነሐሴ 13፣ ሐሙስ

አያ ዋሴ ተመለሱ። የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቢቆይ እስከ ገና ነው ብሎ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ሲናገሩት የጎረቤት በሬ የታመመ ይመስላል።

«እስከ ገና ካቆየኝ ኅዳር ሚካኤልን እደርስበታለሁ» አሉ። ኅዳር ሚካኤል ሷሊህ በዓመት አንድ ቀን የሚሻገርበት፣ ሁለቱ ጦር ሳንቃው ላይ ፊት ለፊት የሚቆምበት ቀን ነው። ከዚያ ሳንቃውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣

«ጎሳሚው መጣ አሉ። የታለ?»

አትክልት እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ተመልሷል አያ ዋሴ። ትንሽ ጉድለት ነበረበት» አልሁ።

«ምኑ ላይ?»

«እጁ ላይ።»

«እጁ ላይ! ሷሊህ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እጅ ስቶ ያውቃል እንዴ?»

ሷሊህ ጎሳሚውን «እጄ ሲበስል» እያለ ከዓመት ዓመት ሲያሳድረው ነው የኖረ። ሳንቃው ላይ ከሁለቱም ወገን ሰባ ሦስት ወታደር አለ፤ ነጋሪት ሳይጎሰም ደግሞ ጦር አይነሳም። ሰባ ሦስት ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል ማለት ነው። አያ ዋሴም አብረው ቆመዋል። ሌላ የሚፈልጉት የለም፤ እሱን አይተው ዓይናቸው ቢሄድ ግድ የላቸውም።

ይመጣል። ቅዳሜ ይመጣል። ሷሊህ ፈጣን ነው። ሃያ ዓመት የፈጀ ሰው ፈጣን ባይባልም።

ነሐሴ 15፣ ቅዳሜ

ሐቢባ ባዶ እጇን መጣች። ሮመዳን ነው፤ ለእኛ ትቀዳለች፣ እሷ አትቀምስም። እኛም ፍልሰታ ላይ ነን። ሁላችንም ርቦን ነው የምንነጋገር።

«ሷሊህ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ወረቀቱን ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት። አብዱልሀኪም አነበበለት።» አብዱልሀኪም የሷሊህ ጎረቤት ነው፤ እህል ይነግዳል፤ ጎንደር ነው የተማረ።

«ሳቀ?»

«ጾመኛ ነው፤ ምን ያስቀዋል?» ብርጭቆውን ዘረጋችልኝና መልሳ ሳበችው። «በቀኝህ ተቀበል ቢያድግልኝ! ስንት ዓመት ልንገርህ?»

በቀኜ ተቀበልሁ። ፈሰሰብኝ።

ነሐሴ 22፣ ቅዳሜ

የለም።

ሐቢባ የሙቀጫዋን ልጅ እየጠረገች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አንተ ብለህ ጻፍህለት አይደል?» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበል? ስርጉት ያስተማረችን ደብዳቤ «ውድ ጓደኛዬ እንዴት ነህ» ነው የሚል።»

«የአባትህ እኩያ ነው ሰውየው።»

«በአፌ ስፈርድለት እኮ አንተ ስለው ነው የኖርሁ! ዘጠኝ ዓመት!»

«እኔ ግን እርስዎ ብዬ አደርስ ነበር» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። አንድ ጊዜ ፈረሰኛ መጥቶ፣ እኔ «ይሄ ገደል ላይ የተሰቀለ ፍየል ነው» ብዬ ነበር። እሷ ሄዳ «ፈረሱ ትንሽ ከፍ አለ ይላሉ፣ በጣም ግን ወደዱት» ብላዋለች። ስለ ጋሻው አትክልት «ጋሻ ነው የሳተላይት ዲሽ?» ሲል፣ «ጋሻው ግርማ አለው ይላሉ» ብላዋለች።

«ያልሁትን ሁሉ ትለውጪው ነበር ማለት ነው?»

«እንዴ! እኔ ሻይ ያለ ስኳር ለሰው አቅርቤ አላውቅም።»

አትክልት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀድሜ እንደማውቅ መስዬ። መንገድ ላይ ግን ተናደድሁ። የዘጠኝ ዓመት ቀልዴ ሁሉ የድንበሩ ድልድይ ላይ ነበር የሚቀር። አንዱም ማዶ አልደረሰም። የመጀመሪያው የደረሰ ያ ወረቀት ነው።

ያ ወረቀት ግን ደረሰ።

ነሐሴ 29

የለም። ዝናብ። ቀበቶ ተበጠሰ፤ የትራክተሩ።

ጳጉሜ 5፣ ዓርብ

ዛሬ ዒድ፣ ነገ እንቁጣጣሽ። ለሐቢባ ዒድ ሙባረክ ልላት ሄድሁ እንጂ ለሌላ አይደለም። ከማዶ የመጡ ዘመዶቿ ሞልተዋል። ከእነሱ አንዱ ስለ ሷሊህ ሲያወራ ስሙን ሰማሁ፤ አረብኛው ፈጠነብኝ። «ኸላስ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ምኑ ነው ያበቃ? ሐቢባን ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ፤ ብስኩት አጎረሰችኝ።

መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም.

አዲስ ዓመት ነው፤ እንግዲህ ወረቀቱን ልጻፈው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ጥሩ ነገር ስጽፍ አልረሳም።

«ለሷሊህ። ጎሳሚህን አየነው። አንደኛ፣ በቅሎዋ ያንተን አልጋ ተሸክማ ገዥ ያጣች ትመስላለች። ሁለተኛ፣ ሰውየው ነጋሪት አይጎስምም፤ ዝንብ ያባርራል። ሦስተኛ፣ ቅድመ አያቴ በዚያ ጦርነት ነጋሪት ጎሳሚ ነበሩ፤ በግራ እጃቸው ነበር የሚጎስሙ። ያንተ በቀኙ ነው። ስለዚህ ውሸት ነው። ጸሐፊ ቢያድግልኝ።»

አንደኛውና ሁለተኛው ቀልድ ነው። ማንም ያውቃል። ሦስተኛው ታሪክ ነው። ታሪክ ደግሞ ይታረማል፤ ጉድለት የተገኘበት ይመለሳል፤ ደንቡ የእኔ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ስትነበብ ያቺ «ውሸት ነው» የምትለዋ ትንሽ ትከብዳለች። በአፍ ሲሏት እንዲህ አትከብድም ነበር።

አሰበች (ባለቤቴ ናት) ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጻፍህ ጻፍህና ምን አተረፍህ? ድሮ ስትቀባጥር ደህና ምግብ ትበላ ነበር» አለችኝ።

መስከረም 15፣ ቅዳሜ

የለም። ስድስት ቅዳሜ።

አያ ዋሴ የመጨረሻውን ድርቡሽ ጨርሰዋል። ደንቡን ጥሰን ሳይሻገር ተደብቀን አየነው። የጀለቢያው ድሪቶ ከሰሊጥ ጆንያ ክር፣ ጦሩ ከብስክሌት ሽቦ። አትክልት አገላበጠውና በሹክሹክታ፣ «ዓይኑ ጆሮው ላይ ወጥቷል» አለኝ። እውነት ነው። አንዱ ዓይን ከቦታው ወርዷል። ቀስ አድርገን ቦታው መለስነው። አያ ዋሴ ደርሰውብን ሲጠይቁን፣ «ግርማ አለው» አልሁ። የሐቢባ ቃል ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ አያ ዋሴ፣ «ለሷሊህ የጻፍህለትን እስቲ ንገረኝ» አሉ።

«ቅጠሉ ሄዷል እኮ አያ ዋሴ።»

«አንተ የጻፍኸውን አትረሳም፤ ለከተማው ሁሉ ነግረሃል።»

ደብተሩን ገለጥሁ። የተቀደደው ቅጠል በነበረበት ቦታ ላይ ዓይኔን ተክዬ «አነበብሁ»። «የተከበሩ ሷሊህ። ጎሳሚውን አየነው፤ እጅግ ወደድነው። በቅሎዋ ሸክሟን የምታውቅ ናት። እጁን ብቻ ትንሽ ቢያዩልን።» ጨረስሁ።

አያ ዋሴም፣ «እንዲህ ከሆነ ሰውየው በምን ተቀየመ?» አሉ።

የሚያዩ ይመስል ቀጥ አድርገው አዩኝ።

መስከረም 20፣ ሐሙስ

ሰሊጡ ደርሷል። ሦስት ቀን ከዘገየ ፍሬው ይራገፋል። ሸሕዲ የሰው ገበያ ሄጄ አርባ አጫጅ በተጎታች ጭኜ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ጎጃሜና ወሎዬው ሲበሻሸቅ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሐል ገብቼ ሁለቱንም አሸንፍ ነበር።

እርሻው ላይ ሲሰለፉ አንዱ ጎጃሜ ማጭዱን በሌላው እጁ ያዘ። ካፖው፣ የአጫጆቹ አለቃ፣ አየውና፣ «አንተ! ግራኝ ነህ? ውጣ ከመሐል፣ ሰው ትቆርጣለህ። ጫፍ ላይ ቁም» አለው። ሰውየው አልተቆጣም። ለምዶታል። እንደ ውሻ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ለብቻው ሲያጭድ ግን ከሁሉም ይፈጥናል። ሞተሩን አጥፍቼ ቆሜ አየሁት። የእርሻው ባለሀብት ከጎንደር ደውሎ «ምን ቆምህ?» ቢለኝ «ናፍጣ ላቀዘቅዝ» አልሁት። ናፍጣ ይቀዘቅዛል እንዴ? እሱም አያውቅም፤ «እሺ» አለኝ።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

የለም።

አያ ዋሴ ዛሬ ድርቡሾቹን ከሐበሾቹ ወገን አቁመው ደረስሁ። በጣታቸው ነው የሚለዩ፤ ጣታቸው ተሳሳተ። አስተካከልሁላቸው። «ቢያድግልኝ ነህ? ተው፣ አውቄ ነው፤ ይታረቁ ብዬ ነው» አሉ። በቀልድ እኔን በለጡኝ።

ስለ ጎሳሚው አንድ ነገር እዚህ ልጻፍ። እስከ አሁን ምን እንደሚመስል አልጻፍሁም። የነጋሪቱ ቆዳ የእውነት ቆዳ ነው፤ የጥጃ ጆሮ ይሁን የፍየል አላውቅም። በጥፍር ሲነኩት ድም ይላል። በቅሎዋ አንዱን ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች፤ ድምፁ እንደሚያስደነግጣት ታውቃለች ግን ለምዳለች። ሰውየው አፉን ገርበብ አድርጓል። የሚጮህ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ምት በፊት ትንፋሹን የሳበ ነው። ሳየው እኔም ትንፋሼን ሳብሁ።

አትክልት ደግሞ የዚያን ቀን፣ «ምነው ጸሐፊው ዝም አለ? ምንም አላገኘህበትም?» አለኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ ነው። ወረቀቱ ባዶ ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ፍርዴ ነው። «አማረ» ብቻ ብዬ ልጻፍ? «አማረ» ለማለት ሰባት ወር ይማራሉ?

ስለዚህ ጻፍሁ።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

የለም። ሐቢባ «ሱቁ ገርበብ ብሏል፤ ገብቼ አላየሁም» አለች።

አያ ዋሴ ምርኩዛቸውን አስጠርበው፣ «ነገ እኔው እሻገራለሁ። እግሩ ሥር ወድቄም ቢሆን አመጣዋለሁ» አሉ። የማን እግር ሥር ነው የሚወድቁ? በእኔ ነገር? ድልድዩ ላይ የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ! ሲነጋ ቀድሜ እሄዳለሁ። ደንብ ይጣስ። ሄጄ ሦስተኛውን ነጥብ በሚመለከት የማስረዳው ነገር አለኝ።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ሄድሁ። ተመለስሁ። አሁን ከሰዓት ነው፣ አሰበች ቤተ ዘመድ ሄዳለች፣ ሁሉንም ልጻፍ።

የጋላባቱ ሱቅ ውስጥ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርቧል። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እንጨት ይፍቃል። ዓም ሷሊህ ናቸው (ዓም በአረብኛ እንደ አያ ነው)፤ በየኅዳሩ ሲሻገሩ እኔ እርሻ ላይ ስለምሆን ተያይተን አናውቅም። ድሮ ጎንደር ድረስ መኪና ይነዱ ስለነበር አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል።

«አሰላሙ አለይኩም» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቀኜን ነው፤ አስቤበታለሁ።

«አንተ ነህ ጸሐፊው?»

«እንዴት አወቁ?»

«ጣትህ ላይ ቀለም አለ። ቁጭ በል፣ ያ ዞል።» አንተ ሰው ማለታቸው ነው።

ቁጭ አልሁ። ይቅርታዬን ከቤት አዘጋጅቼ ነበር፤ «ዓም ሷሊህ፣ በወረቀቱ ላይ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ወረቀትህን ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር ጣልሁት» አሉ። «አላህ ያውቃል፣ ጾሜን ልታስፈታኝ ነበር። በቅሎዬን ሰደብህ፣ እሺ። ሰውየዬን ሰደብህ፣ እሺ። ከዚያ ግን አብዱልሀኪምን ጠርቼ «ሦስተኛውን ደግመህ አንብብ» አልሁት። ሃያ ዓመት ሐቢባ «ወደዱት» ትለኛለች። የወደደ ሰው ምን አየ? ምንም! አንተ ግን የአንድ ሰው እጅ ነገርኸኝ። ከሐበሾቹ ሁሉ እጁን የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ከኋላቸው ካርቶን ሳቡ። አምስት ጎሳሚ፤ አምስቱም ክንዳቸው የተሰበረ።

«እጁን ብቻ ወደ ግራ የሚያዞረው መስሎኝ ነበር። አይደለም! በግራው የሚጎስም ሰው ወገቡ ሌላ ነው። ትከሻው ሌላ ነው። በቅሎዋ እንኳ በሌላ እግሯ ነው የምትቆም። እኔ ቀኛም ነኝ፤ ከየት ልወቀው? ጎረቤቱን ሁሉ «በግራህ ምታ» ብዬ አየሁ፤ ሁሉም ያስመስላል።» ዱላ አቀበሉኝ። ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ፊቴ አቆሙ። «ቅድመ አያትህ እንዴት ነበር የሚጎስሙ? ከአባትህ ያየኸውን አሳየኝ።»

ልናገር ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ዱላው እጄ ገባ፤ በየትኛው እጄ እንደገባ እኔም አላየሁም። ቆምሁ። አንድ ጊዜ መታሁ። ሁለተኛ መታሁ።

«ቁም! እንደዚያው ቁም!» አሉ። ሸሚዜን አስወለቁኝ። የከሰል ስባሪ ይዘው መሬቱ ላይ ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ ጉልበቴን ሳሉ። ልጅ ሆኜ አባቴ በዚህ እጄ በበላሁ ቁጥር በርበሬ ያስይዘኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ዙሪያዬን እየዞረ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላል።

አልነገርኋቸውም። ስወጣ፣ «ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል?» አልሁ።

«የዋሴ ዓይን እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ገና ይላሉ። ግን አሁንም...»

«እንግዲህ ሂድ፣ አታውራኝ» አሉ።

ስመለስ አያ ዋሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። «ተዉት፤ እየሠሩ ነው» አልኋቸው። «ማን?» «ዓም ሷሊህ።» «ዛሬ ደግሞ ዓም ሆነ?» አሉና ተቀመጡ።

ጥቅምት 28

ሰሊጥ ማራገፍ። አቧራ። ነዶውን ሲገለብጡት እንደ ዝናብ ይወርዳል። ጀሪካን ባየሁ ቁጥር ትከሻዬ ይነሳል። እነግራቸዋለሁ። ከጨረሱ በኋላ። አሁን ብነግራቸው ስድስተኛውንም ይሰብሩታል፤ አያ ዋሴም ሳያዩ ይቀራሉ። ስለዚህ ዝም ማለቴ ለሰው ብዬ ነው። ለሰው ብዬ ነው።

ኅዳር 7

ዒድ አል አድሐ። ሐቢባ፣ «ሷሊህ ይጨርስ አይጨርስ አልነገረኝም። እኔንም በር ላይ ነው የመለሰኝ» አለች። አያ ዋሴ ዛሬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጫፍ አስቀመጡት፤ ወደቀ። አምስት ቀን ቀረ።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ትናንት ሚካኤል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያ ዋሴ ቤት ተሰበሰብን፤ አትክልት፣ ሐቢባ፣ እኔ። ሳንቃው ግቢ ውስጥ ብርሃን ላይ ወጣ። አያ ዋሴ የሚያዩት በቀኝ ዓይናቸው ጥግ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው፣ እንደ ሰዓት የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

ዓም ሷሊህ በእግራቸው መጡ፤ የጫማ ካርቶን ታቅፈዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተማትተው ሰላምታ ተሰጣጡ። ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም። ካርቶኑ ተከፈተ።

ጎሳሚው ግራ እጁን አንስቷል። ትከሻው ወርዷል፣ ወገቡ ዞሯል፣ በቅሎዋ በሌላ እግሯ ቆማለች። ትንፋሹን ስቧል። አትክልት ሁለት ጊዜ ዞረውና፣ «ጉድለት የለበትም። ጸሐፊ፣ አንተስ?» አለኝ።

«አማረ» አልሁ።

አያ ዋሴ ተቀበሉ። ወደ ዓይናቸው ጥግ አስጠጉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ሄዱበት፤ ከበቅሎዋ ጆሮ ጀምረው፣ በነጋሪቱ፣ በክንዱ፣ እስከ ትከሻው። ትከሻው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቢያድግልኝ፣ ወዲህ ና።»

ሄድሁ። በአንድ እጃቸው ጎሳሚውን ይዘው በሌላው የእኔን ግራ ትከሻ ያዙ። ጫን አደረጉት። ሃያ ዓመት የሰው በርና መስኮት የለኩ ጣቶች ናቸው።

«ቅድመ አያትህን ትመስላለህ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፣ «ወይስ እሳቸው ናቸው አንተን የሚመስሉ?»

ጫማዬን አየሁ። ሌላው ሰው ሳቀ፤ ምን እንዳሉኝ ሳይሰማ፣ ዝም በማለቴ ብቻ። አያ ዋሴ ጎሳሚውን ሳንቃው መሐል አቆሙት። በጥፍራቸው ነጋሪቱን ነኩት። ድም አለ።

«በቃ፤ አሁን ሰምተዋል» አሉ። ዓም ሷሊህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሐቢባ ሻይ ቀዳች፤ እኔ በየትኛው እጄ እንደተቀበልሁ አላየችም፤ ወይም አይታ ተወችኝ።

ከዚያ አትክልት፣ «ሥሩ ላይ ይጻፍበት እንጂ! እንግዳ ቢመጣ ማን እንደሆነ ይወቅ» አለ። ዓም ሷሊህም፣ «ጸሐፊው ይጻፋ» አሉ። ሁሉም እኔን አዩ። «ነገ፤ በደህና ወረቀት» ብዬ አመለጥሁ።

ነገ ዛሬ ነው። ደህና ወረቀት ይሄው ነው። ይህን ቅጠል ከዚህ በታች ያለውን ጽፌ እቀደዋለሁ፤ አጥፌም ከበቅሎዋ እግር ሥር አኖረዋለሁ። አትክልት ጮክ ብሎ ያነብበዋል፤ ሐቢባ በቃሏ ወደ ማዶ ታደርሰዋለች። በዚህች ብቻ ስኳር እንዳትጨምር እነግራታለሁ።

የተከበሩ ዓም ሷሊህ፤ የተከበሩ አያ ዋሴ። ቅድመ አያቴ በዚያ ጦርነት ነጋሪት ጎሳሚ ነበሩ፤ ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። በየትኛው እጃቸው ይጎስሙ እንደነበር ግን አባቴም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እሱን የፈጠርሁ እኔ ነኝ። የፊተኛው ጎሳሚ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ግራኙ እኔ ነኝ።